ትንሽ ታብሌት እንደ መጽሐፍ ማንበቢያ

ትንሽ ታብሌት እንደ መጽሐፍ ማንበቢያ ሲባል የስክሪኑ ሰያፍ ልክ ከ7 እስከ 8 ኢንች የሚደርስ ታብሌትን ዲጂታል መጻሕፍት ለማንበብ መጠቀም ማለት ነው። ለንባብ ብቻ ተብለው የተሠሩ መሣሪያዎች፣ ለምሳሌ አማዞን እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው ኪንድል፣ በኢትዮጵያ ገበያ እምብዛም አይገኙም። ስለዚህ አብዛኛው አንባቢ የሚጠቀመው ስልኩን ወይም የአንድሮይድ ታብሌት ነው።

በአማርኛ ለሚያነብ ሰው ሁለት ጥያቄዎች ከመሣሪያው ዋጋና ፍጥነት ይቀድማሉ። የመጀመሪያው መጽሐፉ የሚገኘው በምን ዓይነት ፋይል ነው የሚለው ሲሆን ሁለተኛው የግዕዝ ፊደል በመሣሪያው ላይ በትክክል ይታያል ወይ የሚለው ነው።

የገጹ ልክና የስክሪኑ ልክ

የአማርኛ መጻሕፍትና ተማሪዎች «ሶፍት ኮፒ» የሚሏቸው የመማሪያ ጽሑፎች በብዛት የሚገኙት በፒዲኤፍ ነው። ፒዲኤፍን አዶቢ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1993 ሲያወጣ ዓላማው አንድ ገጽ በየትኛውም ኮምፒዩተርና ማተሚያ ላይ ቅርጹ ሳይለወጥ እንዲታይ ነበር። ይህ ለማተሚያ ቤት መልካም ነው። በትንሽ ስክሪን ላይ ግን ፊደሉ ብቻውን አይጎላም፤ ገጹ እንዳለ ያንሳል ወይም እንዳለ ይሰፋል።

ባለ 7 ኢንች ስክሪን (የጎኖቹ ምጥጥን 16 ለ 10 ከሆነ) ቁመቱ 151 ሚሊ ሜትር፣ ስፋቱ 94 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የኤ4 ወረቀት ስፋት ደግሞ 210 ሚሊ ሜትር ነው። ገጹ ሙሉ በሙሉ እንዲታይ ከተደረገ ወደ 45 በመቶ ይቀንሳል፤ በ12 ነጥብ የተጻፈው ፊደል ከ5 ነጥብ ብዙም አይበልጥም ማለት ነው። በላቲን ፊደል ይህ በጭንቅ ይነበብ ይሆናል። በአማርኛ ግን ተ እና ቸ፣ ደ እና ጀ፣ ሱ እና ሲ የሚለዩት በትንሽ ጭረት ስለሆነ ዓይን ቶሎ ይደክማል።

መፍትሔው ሌላ ታብሌት መግዛት ሳይሆን ሁለት ቀላል ነገሮችን ማድረግ ነው። ታብሌቱን አግድም ቢያዞሩት የሚታየው ስፋት 151 ሚሊ ሜትር ይሆንና ያው ፊደል ወደ 8.6 ነጥብ ያድጋል። በዚህ ላይ የገጹ ነጭ ኅዳግ ከተቆረጠ (በየጎኑ 25 ሚሊ ሜትር ከሆነ የጽሑፉ ስፋት 160 ይቀራል) ፊደሉ 11.3 ነጥብ ይደርሳል፤ በወረቀት ላይ ከነበረው መጠን ብዙም አይርቅም። ሊብሬራና ኬኦሪደር የተባሉት ነፃ መተግበሪያዎች ኅዳግ መቁረጥ ይችላሉ። ብዙ ሰው ታብሌቱን «ለሶፍት ኮፒ አይሆንም» ብሎ የሚተወው ይህን ሳይሞክር ነው።

በኤ5 ልክ የታተመ ልብ ወለድ ግን ችግሩ ይቀላል። ስፋቱ 148 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ኅዳጉ ተቆርጦ በቁም ሊነበብ ይችላል። የጎኖቹ ምጥጥን 4 ለ 3 የሆነ ባለ 8 ኢንች ታብሌት 122 ሚሊ ሜትር ስፋት ስላለው ለዚህ ዓይነቱ መጽሐፍ ከሁሉም ይሻላል።

ሌላው የፋይል ዓይነት ኢፐብ ነው። በውስጡ እንደ ድረ ገጽ የተጻፈ ጽሑፍ ተጨምቆ የተቀመጠበት በመሆኑ መስመሮቹ በስክሪኑ ልክ እንደገና ይደረደራሉ፤ ፊደሉም እንደተፈለገው ይጎላል። በመጠንም የሚወዳደረው የለም። በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ ስለዚህ 500,000 ፊደላት ያሉት ወፍራም ልብ ወለድ ሳይጨመቅ እንኳ 1.5 ሜጋ ባይት ነው። ያው መጽሐፍ ገጽ በገጽ ፎቶ ተነሥቶ ፒዲኤፍ ሲሆን ብዙ ጊዜ በአሥር ሜጋ ባይቶች ይቆጠራል። በሞባይል ዳታ ለሚያወርድ ሰው ልዩነቱ የገንዘብ ልዩነት ነው።

ፊደሉ

የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ3.0 እትም፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ አማርኛ ይጻፍ የነበረው እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዡዋል ግዕዝ ባሉ ሶፍትዌሮች ነው። የእነዚህ የቀድሞ ፎንቶች የላቲን ፊደላትን ቦታ ወስደው የግዕዝ ቅርጽ ያሳዩ ነበር። በዚያ መንገድ የተጻፈ ፋይል ፎንቱ በሌለበት ታብሌት ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ይወጣል። ብልሽቱ የታብሌቱ ስላልሆነ ፎንት መጫን ብቻውን ሁልጊዜ አያድንም፤ ጽሑፉ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለበት።

በፊደል ፈንታ ባዶ ሳጥን ከታየ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ጽሑፉ ትክክል ሆኖ መሣሪያው የግዕዝ ፎንት የለውም ማለት ነው። የቆዩ የአንድሮይድ ታብሌቶች ይህ ችግር አለባቸው። አቢሲኒካ ወይም ኖቶ የተባለውን ነፃ የግዕዝ ፎንት ወደ ንባብ መተግበሪያው የፎንት ማኅደር መቅዳት ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ኢፐብ የሚያዘጋጅ ሰው ፎንቱን ከመጽሐፉ ጋር አብሮ ቢያስገባው አንባቢው ይህን ሁሉ ከማሰብ ይድናል።

ድሬዳዋ ውስጥ ይህ ልዩነት ጎልቶ ይታያል። በከተማዋ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞና ሶማሊኛ ጎን ለጎን ይነገራሉ። አፋን ኦሮሞና ሶማሊኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፉ በማንኛውም ታብሌት ላይ ያለ ችግር ይነበባሉ፤ በዚያው ታብሌት አማርኛው ሳጥን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ታብሌት ሲገዙ ሻጩ የእንግሊዝኛ ገጽ ከፍቶ ቢያሳይ በቂ አይደለም፤ የአማርኛ ኢፐብ በሚሞሪ ካርድ ይዞ ሄዶ እዚያው መክፈት ነው።

ፊደሉ በትክክል ቢታይም ፍለጋ ላይ አንድ እክል ይቀራል። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ነው፤ ለኮምፒዩተር ግን የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። «ፀሐይ» ብሎ የሚፈልግ ሰው «ጸሀይ» ተብሎ የተጻፈውን አያገኝም። በሁለቱም አጻጻፍ መሞከር ነው። መዝገበ ቃላትም እንዲሁ «አልመጣችም» የሚለውን ቃል ተነክቶ «መጣ» ወደሚለው አያደርስም።

ቀደምት ሙከራዎች በኢትዮጵያ

ከታብሌት በፊት ትንሽ ስክሪንን ለመጻሕፍት የማዋል ሙከራ የተደረገው በኤክስኦ ላፕቶፕ ነው። «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት የሠራው ይህ መሣሪያ 7.5 ኢንች ስክሪን ነበረው። ስክሪኑ ተገልብጦ ሲታጠፍ እንደ መጽሐፍ ይያዛል፤ በፀሐይ ብርሃን ደግሞ በጥቁርና ነጭ በግልጽ ይነበባል። ዛሬም ርካሽ ታብሌቶች የሌላቸው ጠባይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ኤክስኦዎች ለኢትዮጵያ ተማሪዎች ሲሰጡ ዲጂታል የመማሪያ መጻሕፍትን ለማንበብም ታስበው ነበር። ሆኖም ብዙ መምህራን ላፕቶፑን በክፍል ውስጥ ያዩት እንደ ማዘናጊያ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2012 ያው ድርጅት ሌላ ሙከራ አደረገ። በወንጪና፣ ከአዳማ ወደ አዋሽ በሚወስደው መንገድ አካባቢ ባለችው ወለንጪቲ፣ ትምህርት ቤት ገብተው ለማያውቁ 40 ያህል ሕፃናት የሞቶሮላ ዙም ታብሌቶች ያለ አስተማሪና ያለ መመሪያ ተሰጡ። ባትሪያቸውን በፀሐይ ኃይል ይሞሉ ነበር። ቴክኒሻን በየሳምንቱ ሚሞሪ ካርዱን እየለወጠ የአጠቃቀም መረጃውን ይወስድ ነበር። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ልጆቹ በደቂቃዎች ውስጥ መሣሪያውን እንዳበሩ፣ በአምስት ወራት ውስጥም ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ እንደከፈቱ በዚያው ዓመት ተናግሯል። ዜናው ዓለምን ዞረ። በታብሌቶቹ ላይ ተጭነው የነበሩት የፊደል ጨዋታዎችና መጻሕፍት ግን በእንግሊዝኛ ነበሩ፤ ስለ ሙከራው ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይህ ነው።

በአማርኛ ለልጆች የሚሆን ነፃ ንባብ የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ነው። የደቡብ አፍሪካው አፍሪካን ስቶሪቡክና የሕንዱ ስቶሪዊቨር የአማርኛ ተረቶችን በነፃ ያቀርባሉ። ሥዕሎቹም ሆኑ አጫጭር ገጾቹ ለባለ 7 ኢንች ስክሪን ይመቻሉ።

ሙቀት፣ ፀሐይና መብራት

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት፤ በግንቦትና ሰኔ የቀኑ ሙቀት ወደ 35 ዲግሪ ይጠጋል። ብዙ አምራቾች ታብሌት እንዲሠራበት የሚያስቀምጡት ጣሪያም 35 ዲግሪ ነው። የሊቲየም ባትሪ በሙቀት ቶሎ ያረጃል፤ በተለይ ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ በሙቀት ውስጥ ሲቀመጥ። ስለዚህ ቀን ቀን ቻርጅ ከማድረግ ማታ ወይም ማለዳ ማድረግ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥርና ከባጃጅ መስታወት ፊት ማራቅ፣ ቻርጅ ላይ እያለ አለማንበብ ዕድሜውን ያራዝማል።

ተራ የታብሌት ስክሪን በፀሐይ ላይ እንደ መስታወት ያንጸባርቃል። ብርሃኑን እስከ መጨረሻው ከፍ ማድረግ ባትሪ ይጨርሳል እንጂ ብዙ አይረዳም፤ ከዚራ ባሉት የዛፍ ጥላዎች ሥር መቀመጥ ይሻላል። በሌሊት ግን ነገሩ ይገለበጣል። መብራት ሲጠፋ የራሱ ብርሃን ያለው ታብሌት ከወረቀት መጽሐፍ ይበልጣል። ጥቁር ገጽ መምረጥ ለዓይን ሊመች ይችላል፤ ባትሪ የሚቆጥበው ግን ኦሌድ በሆነ ስክሪን ላይ ብቻ ነው፤ ርካሾቹ ታብሌቶች ደግሞ አብዛኛዎቹ ኤልሲዲ ናቸው።

ያገለገለ ወይም «ስላሽ» ታብሌት ሲገዙ የባትሪውን ጤና ማየት ተገቢ ነው። ለግማሽ ሰዓት እያነበቡ በመቶኛው ምን ያህል እንደወረደ መመልከት ከሻጭ ቃል ይበልጥ ይናገራል። በሳጥኑ ላይ የተጻፈው የማስቀመጫ መጠንም ሁልጊዜ እውነት አይደለም፤ ትልቅ ፋይል ገልብጦ መልሶ መክፈት ያጋልጠዋል።

የደራሲው መብት

በቴሌግራም የሚዘዋወሩት የአማርኛ መጻሕፍት ብዙዎቹ ያለ ደራሲው ፈቃድ የተገለበጡ ናቸው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የማባዛትና የማሰራጨት መብትን ለደራሲው ይሰጣል፤ ጥበቃውም ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይዘልቃል። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ስለሆነ «ፍቅር እስከ መቃብር» ገና በጥበቃ ሥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ያረፉት የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራዎች ግን ጊዜያቸው አልፏል። እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም የታተመውን «ልብ ወለድ ታሪክ» ማንም ሰው ወደ ኢፐብ ቀይሮ በነፃ ሊያድለው ይችላል። የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ መጻሕፍትም እንዲሁ፤ ደራሲው ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። እነዚህን መጻሕፍት ከፎቶ ወደ ዩኒኮድ ጽሑፍ መተየብ አድካሚ ሥራ ነው፤ ፎቶ ላይ ያለን ጽሑፍ የሚያነቡ ሶፍትዌሮች የቆየ የግዕዝ ኅትመት ላይ ስለሚሳሳቱ ውጤቱ በሰው ዓይን መታረም አለበት።