ከጤና አዳም እስከ ጉበት

በወላይታ ዞን በሻንቶና በአካባቢዋ ጤና አዳም በየጓሮው ይበቅላል፤ ቅጠሉ ለቡና ማጣፈጫ፣ ለሆድ ቁርጠትም መድኃኒት ነው። ወደ ቆላው ወረድ ሲባል ደግሞ በአማርኛ ሽፈራው የሚባለው የሀለኮ ቅጠል እንደ ጎመን ተቀቅሎ ይበላል፤ ለደም ግፊትና ለስኳር በሽታም ይጠጣል። ሁለቱ ተክሎች በዝምድና የተራራቁ ቢሆኑም በቅጠላቸው ውስጥ ሩቲን የተባለው ፍላቮኖይድ ይገኛል።

ሩቲን የተሰየመው በጤና አዳም ወገን የሳይንስ ስም ነው። ጀርመናዊው መድኃኒት ቀማሚ አውጉስት ቫይስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1842 ከአውሮፓው ጤና አዳም ለይቶ አወጣው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አሌክሳንደር ዩር፣ ቤንዞይክ አሲድ የዋጠ ሰው በሽንቱ ሂፑሪክ አሲድ የተባለ ሌላ ነገር እንደሚያወጣ አሳይቶ ነበር። ሰውነት የገባበትን ባዕድ ነገር ለውጦ እንደሚያስወጣ በዚህ ታወቀ።

የሁለቱ ግኝቶች መንገድ እስኪገናኝ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ወሰደ። በ1936 ሀንጋሪያዊው ሴንት ጆርጂ ፍላቮኖይዶችን «ቫይታሚን ፒ» ብሎ ቢሰይማቸውም፣ በእነርሱ ማነስ የሚመጣ በሽታ ስላልተረጋገጠ ስያሜው ቀረ። በ1956 ዲኢድስና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ሩቲን ከተወሰደ በኋላ በሽንት የሚወጡት በአብዛኛው የተሰባበሩ ትናንሽ አሲዶች መሆናቸውን አሳተሙ።

ሂደቱ ዛሬ በዝርዝር ይታወቃል። ሩቲን ኩዌርሴቲን ከተባለ ፍላቮኖይድና ከሁለት ስኳሮች የተገነባ ነው። ስኳሮቹን የሚያላቅቁት በትልቁ አንጀት የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። የቀረው ኩዌርሴቲን በአንጀት ግድግዳ በኩል ወደ ደም ሲገባ፣ ከአንጀት ደም የሚያመጣው ሥር በቀጥታ ወደ ጉበት ያደርሰዋል። በዚያም ኢንዛይሞች ግሉኩሮኒክ አሲድ ወይም ሰልፌት ያጣብቁበታል፤ በውሃ በቀላሉ የሚሟሟ ሆኖ በሐሞትና በሽንት ይወጣል። ስለዚህ በብርጭቆ ውስጥ የተፈተነው ሩቲንና በበሽተኛው ደም ውስጥ የሚዘዋወረው ነገር አንድ አይደሉም።

ጉበት የሚለውጠው ሁሉ ግን ወደ ደኅና አይለወጥም። በ2001 በሰሜን ምዕራብ ትግራይ ጸዓዳ እምባ በተባለች መንደር ሆድን በውሃ የሚነፋ፣ ብዙዎችን የገደለ የጉበት በሽታ ታየ። የኢትዮጵያ የጤናና የሥነ ምግብ ምርምር ኢንስቲትዩት ከውጭ አገር ባለሙያዎች ጋር ባደረገው ምርመራ፣ ምክንያቱ ከእህል ጋር የተቀላቀለ አጀራተም የተባለ አረም ሆኖ ተገኘ። በአረሙ ውስጥ ያለውን ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ ወደ መርዝነት የሚለውጠው ራሱ ጉበት ነበር፤ መርዙም መልሶ የጉበቱን ትናንሽ የደም ሥሮች ዘጋ።

አንዱን ቅጠል አክሞ የሚያስወጣው አካል በሌላው ራሱን ይጎዳል። በመሆኑም «ቅጠል ነውና አይጎዳም» የሚለው አባባል ዋስትና አይሆንም። በሐኪም የታዘዘ ክኒንም በዚያው በጉበት በኩል ያልፋል። «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ተብሎ የሚጠየቅ የሻንቶ በሽተኛ፣ ሀለኮውንና ጤና አዳሙንም ሳያፍር እንዲቈጥር ማድረግ የባለሙያው ድርሻ ነው።