የሞቶክሮስ ዝላይ ፍጥነት

የሞቶክሮስ ዝላይ ፍጥነት አንድ ሞተረኛ ከመዝለያ ጉብታ ሲነሳ ሊኖረው የሚገባ ፍጥነት ነው። ሞቶክሮስ ጉብታና ጠመዝማዛ በበዛበት የአፈር መም ላይ የሚካሄድ የሞተር ሳይክል ውድድር ነው። አጀማመሩ በ1924 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በካምበርሊ ከተደረገ ውድድር ጋር ይያያዛል፤ የዓለም ሻምፒዮናው በ1957 እ.ኤ.አ. ተጀመረ። የሞቶክሮስ ሞተሮች አብዛኛውን ጊዜ የፍጥነት መለኪያ የላቸውም። ስለዚህ ሞተረኛው ፍጥነቱን የሚገምተው በማርሹ፣ በሞተሩ ድምፅና በልምዱ ነው።

ፍጥነትና ርቀት

ሞተሩ መሬት ከለቀቀ በኋላ የሚያርፍበትን ቦታ በዋናነት የሚወስኑት የመነሻ ፍጥነቱና የጉብታው ማዕዘን ናቸው። ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን ርቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። የአየር ተቃውሞ ካልታሰበ፣ 30 ዲግሪ ካዘነበለ ጉብታ ተነስቶ 15 ሜትር ርቀት ላይ በዚያው ከፍታ ለማረፍ በሰዓት 47 ኪሎ ሜትር ገደማ ያስፈልጋል። ፍጥነቱ 42 ከሆነ ርቀቱ ወደ 12 ሜትር ያጥራል፤ 52 ከሆነ ደግሞ ከ18 ሜትር ያልፋል። በሰዓት የ5 ኪሎ ሜትር ስህተት የማረፊያውን ቦታ 3 ሜትር ያህል ያዛባል ማለት ነው።

አስተራረፍ

ትክክለኛው ማረፊያ ከጉብታው ማዶ ያለው ቁልቁለት ነው። ቁልቁለቱ ሞተሩ ከሚወርድበት አቅጣጫ ጋር ስለሚቀራረብ ግጭቱ ይቀንሳል። ከላይ በተጠቀሰው የ47 ኪሎ ሜትር ዝላይ ሞተሩ በሜዳ ላይ ቢያርፍ፣ ግጭቱ ከ2 ሜትር ከፍታ ቀጥ ብሎ እንደ መውደቅ ነው። ፍጥነት ሲያንስ የኋላ ጎማው የማረፊያውን ጫፍ ይመታና ሞተረኛውን ወደ ፊት ሊወረውረው ይችላል።

አገማመት

ጀማሪዎች በመጀመሪያ ጉብታውን ሳይዘሉ በዝግታ አልፈው መንደርደሪያውንና ማረፊያውን ይመለከታሉ። ልምምዱ የሚጀመረው መካከሉ በአፈር ከተሞላ ጉብታ ነው፤ ፍጥነት ቢያንስ እንኳ ገደል አይገጥምም። ከዚያ ፍጥነቱ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመራል። ጉብታው ላይ በወጡበት ቅጽበት ነዳጅ በድንገት መቀነስ የሞተሩን አፍንጫ ስለሚደፋ አደገኛ ነው። በአየር ላይ የኋላ ፍሬን መያዝ የፊቱን ጎማ ዝቅ ያደርጋል፤ ነዳጅ መስጠት ደግሞ ከፍ ያደርጋል። ሁለቱም ግን የሚያርፉበትን ቦታ አይለውጡም።

የከፍተኛ ቦታ ተጽዕኖ

ለዝላዩ የሚያስፈልገው ፍጥነት በቆላም ሆነ በደጋ ያው ነው ማለት ይቻላል፤ የሚለወጠው የሞተሩ ጉልበት ነው። ደብረ ታቦር ባለችበት 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ያንሳል፤ የሞተሩም ጉልበት በዚያው መጠን ይቀንሳል። በጣና አካባቢ ካለችው ሐሙሲት ተነስቶ በወረታ በኩል ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣ ሞተረኛም ልዩነቱን ሊያስተውል ይችላል። በካርቡሬተር የሚሠራ ሞተር ካልተስተካከለ ነዳጅ ይበዛበትና ይበልጥ ይደክማል። ስለዚህ በደጋ መም ላይ ያንኑ ፍጥነት ለማግኘት ረዘም ያለ መንደርደሪያ ወይም ዝቅ ያለ ማርሽ ያስፈልጋል።