ለአንድ ዙር ሁለት ብይ

ነገሩ የሆነው በ1978 ዓ.ም. ገደማ ነው። ልደታ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ በነበረው ሰፈራችን አንድ ሂማን ነበር። አንድ ብቻ። ባለቤቱ አባቱ ውጭ አገር የሚመላለሱ የጎረቤት ልጅ ነው። እኛ ሌሎቻችን ባለ ሽቦ መኪናና ባለ ጨርቅ ኳስ ነበርን። ሂማንን የማታውቁት ካላችሁ፣ ቁመቱ ከስንዝር ያነሰ፣ ደረቱ የሰፋ፣ ፀጉሩ ቢጫ፣ ሰይፍ የያዘ የፕላስቲክ ጀግና ነው። ወገቡን ጠምዝዛችሁ ስትለቁት ቡጢ ይሰነዝራል። በዚያን ጊዜ ለእኛ ከዚህ የበለጠ ተአምር አልነበረም።

ልጁ ታዲያ ብልጥ ነበር። አሻንጉሊቱን አይሸጥም፣ አይለውጥም፣ አያውስም። ያከራያል። ለአንድ ዙር ሁለት ብይ! ዙር ማለት ከእነሱ በር ተነስቶ ቦኖው ጋ ደርሶ መመለስ ነው። ውልም ነበረው፦ ሰይፉ ከእጁ አይወጣም፣ ውሃ አይነካውም፣ ስሙ አይቀየርም። አንዱ ጓደኛችን ሂማንን “በላይ ዘለቀ” እያለ ሲያዘምተው ስለተሰማ ከእጁ ተነጥቆ ብዩም ሳይመለስለት ቀረ። ክረምቱ ሲያልቅ ልጁ አንድ ጣሳ ሙሉ ብይ ነበረው። ሂማኑም የእሱ እንደሆነ ነበር።

ያኔ “ስግብግብ!” ብለን ነው የተሳደብነው። ለካ ልጁ ታላላቆቹ ፋብሪካዎች ብዙ ቆይተው የደረሱበትን ንግድ በዘጠኝ ዓመቱ እየሠራ ኖሯል።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ የእህቴ ልጅ ነው። ተወልዶ ያደገው አሜሪካ ነው፤ ሠላሳዎቹን አጋምሷል። ባለፈው ዓመት ሊጠይቀን መጥቶ ስልኩ ላይ ፎቶ ያሳየኛል። ሂማን! ያው የእኛው ሂማን፤ ግን ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር ሆኗል፣ ፊቱ ላይ የጅማቱ መስመር ሳይቀር ይታያል፣ የሚቀያየር ጭንቅላትና እጅ አለው።

“ስንት ገዛኸው?”

“ሁለት መቶ ዶላር ገደማ ነው፣ ጋሼ።”

“ለልጅህ?”

“ኧረ ለራሴ! ልጄ እንዳይነካብኝ ከፍ አድርጌ ነው ያስቀመጥኩት።”

ሳቅኩ። በኋላ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ሂማንን የፈጠረው የአሜሪካው ማቴል ኩባንያ ነው። የእህቴ ልጅ ያሳየኝን ግን ማቴል አልሠራውም። ለአዋቂ ሰብሳቢዎች ውድ አሻንጉሊት የሚያመርት ሌላ ድርጅት ከማቴል ፈቃድ ገዝቶ የሠራው ነው። ፈጣሪው ባለ ፋብሪካ ሆኖ ሳለ የራሱን ጀግና ለሌላ የሚያከራየው ለምንድን ነው?

ታሪኩ ረጅም ነው፤ አሳጥሬ ላውጋችሁ። በአሜሪካ ወንዶች ልጆች “አሻንጉሊት” በሚባል ነገር አይጫወቱም ይባል ነበር። ያ የሴት ልጅ ነዋ! እ.ኤ.አ. በ1964 ሀስብሮ የተባለው ኩባንያ ጂ አይ ጆ የተባለውን ወታደር ሲያወጣ “አሻንጉሊት” የሚለውን ቃል ትቶ “አክሽን ፊገር” አለው። ስም ተቀየረ፣ ገበያ ተከፈተ። ሐሳቡን በ1963 ለሀስብሮ ይዞ የሄደው ስታን ዌስተን የሚባል ሰው ነው። 100 ሺህ ዶላር ተቀብሎ ሐሳቡን ሸጠ። በዘመኑ ብዙ ገንዘብ ነው። ነገር ግን ጆ ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ያስገባው ገንዘብ ሲታሰብ፣ ዌስተን አሻንጉሊቱን በጥቂት ብይ ሸጦ የሄደ ልጅ ይመስላል። የሚገርመው ደግሞ ሰውየው ራሱ በፈቃድ ማከራየት ሥራ የሚተዳደር ደላላ መሆኑ ነው!

ሀስብሮ ግን የዌስተንን ስህተት አልደገመም። ጆን ለእንግሊዙ ፓሊቶይ አከራየ፤ እዚያ በ1966 “አክሽን ማን” ተብሎ ወጣ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለጃፓኑ ታካራ አከራየ። ታካራ የጆን አካል መነሻ አድርጎ የራሱን አሻንጉሊቶች አንድ በአንድ ሲያራባ ቆየ። ከዚያ በ1984 ሀስብሮ ራሱ ወደ ታካራ ተመልሶ፣ መኪና የነበረው ሮቦት የሚሆንባቸውን አሻንጉሊቶች በፈቃድ ወስዶ “ትራንስፎርመርስ” ብሎ ሸጣቸው። አከራይ ተከራይ ሆነ ማለት ነው።

በመካከሉ የስታር ዋርስ ነገር አለ። ኬነር የተባለው ኩባንያ በ1977 የፊልሙን አሻንጉሊት የመሥራት ፈቃድ ሲያገኝ ማንም ያን ያህል ይፈለጋል ብሎ አልጠበቀም። ገና ሲደርስ አሻንጉሊቶቹ አላለቁም። ምን አደረገ? ባዶ ካርቶን ሸጠ! ውስጡ “አሻንጉሊቱ ሲደርስ በፖስታ ይላክልሃል” የሚል የምስክር ወረቀት ነበረበት። ሰዎች ገዙት። በ1978 ብቻ ከ40 ሚሊዮን በላይ ቁራጭ ተሸጠ። ያን ጊዜ ሳይሸጥ የቀረ አንድ ናሙና፣ ማለትም ከጀርባው ሮኬት የሚተኩሰው ቦባ ፌት፣ ሮኬቱ ሕፃን ያንቃል ተብሎ ከመደብር እንዳይገባ የተደረገ ነው። በ2024 ከእነዚህ ናሙናዎች አንዱ በጨረታ 525 ሺህ ዶላር አወጣ። ለሕፃን አይሆንም የተባለው ነገር ለአዋቂ ሆነ።

ሂማን የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፣ በ1982። ማቴል የስታር ዋርስ ዕድል ስላመለጠው የራሱን ጀግና ፈጠረ። በ1986 በአሜሪካ ብቻ ሽያጩ 400 ሚሊዮን ዶላር ያህል ደረሰ። በማግስቱ ዓመት ወደ 7 ሚሊዮን ወረደ። አዎ፣ ወደ ሰባት! የልጆች ፍቅር እንዲህ ነው፤ ሲመጣ እንደ ጎርፍ፣ ሲሄድም እንደ ጎርፍ።

የማከራየቱ ምክንያት እዚህ ላይ ነው ያለው። አንድ የፕላስቲክ አሻንጉሊት ለመሥራት መጀመሪያ የብረት ሞልድ ይቀረጻል፤ ሞልዱ በጣም ውድ ነው፤ ወጪው የሚመለሰው በመቶ ሺዎች ሲሸጥ ነው። ሂማንን የሚወድ ሕፃን ሲጠፋ ያ ሂሳብ አይሠራም። ነገር ግን በ1982 ሕፃን የነበረው አድጓል፣ ደመወዝ አለው፣ ናፍቆትም አለው። ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም አንዱ ብቻውን የሃምሳ ሕፃን ያህል ይከፍላል። ለዚህ ሰው ጥቂት ሺህ ብቻ ሠርቶ፣ በእጅ ቀለም ቀብቶ፣ በሚያምር ሣጥን ማቅረብ ትልቁ ፋብሪካ የለመደው ሥራ አይደለም። ስለዚህ እንደ ካሊፎርኒያው ሳይድሾው ወይም እንደ ሆንግ ኮንጉ ሆት ቶይስ ያሉ፣ ሥራቸው ይኸው የሆነ ድርጅቶች ፈቃድ ይገዛሉ። ቅድሚያ ክፍያ ይከፍላሉ፤ ከዚያ ከእያንዳንዱ ሽያጭ ፐርሰንት ይቆረጣል። ሳይሸጥ ቢቀር ኪሳራው በአብዛኛው የተከራዩ ነው። ባለቤቱ ግን የፊቱን ቅርጽ፣ የቀለሙን ዓይነት፣ የሣጥኑን ጽሑፍ ሳይቀር አይቶ ካላጸደቀ አንድም ነገር አይወጣም። “ሰይፉ አይወጣም፣ ስሙ አይቀየርም” ማለት ይኸው ነው።

“ይህ የፈረንጅ ጣጣ ለእኛ ምናችን ነው?” የሚል አይጠፋም። እኛም አገር እኮ ተደርጓል፤ በአሻንጉሊት ሳይሆን በሸክላ።

አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. አምሃ ሪከርድስን ሲያቋቁም ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ ለአገር ፍቅር ቴአትር የተሰጠ ነበር። ወጣቱ አምሃ ክልከላውን ጥሶ ገባ። እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ባለ ሁለት ዘፈን ሸክላዎችና አንድ ደርዘን ያህል ትልልቅ ሸክላዎች አሳተመ። አለማየሁ እሸቴ፣ ማህሙድ አህመድ፣ ሙላቱ አስታጥቄ በዚያ ስም ስር አልፈዋል። ሸክላው ያኔ ተራ ዕቃ ነው፤ ቡና ቤት ይጮሃል፣ ይጫራል፣ ይጣላል። ደርግ መጣ፣ ሰዓት እላፊ ሆነ፣ አምሃ በ1975 ወደ አሜሪካ ሄደ፣ ዘመኑም ወደ ካሴት ዞረ።

ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ እነዚያን ዘፈኖች “ኢትዮፒክስ” በሚል ተከታታይ ማውጣት ጀመረ። ቡዳ ሙዚክ የተባለው የፓሪስ አሳታሚ ከ1997 ጀምሮ አወጣቸው፤ እስከ 2017 ድረስ 30 ቅጽ ደርሰዋል። የአምሃ ሸክላዎች እዚያ ውስጥ የገቡት ከአምሃ በተገኘ ፈቃድ ነው። የሙላቱ ሙዚቃ በ2005 ጂም ጃርሙሽ በሠራው “ብሮክን ፍላወርስ” ፊልም ውስጥ ገብቶ ዓለም ሰማው። ያ ተጭሮ የተጣለው ኦሪጅናል ሸክላም ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ በመቶዎች ዶላር ይሸጣል። አምሃ በ2021 ሲያርፍ ስሙ በዓለም ዙሪያ ባሉ የሙዚቃ ሰዎች ይታወቅ ነበር። የሚያከራየው ነገር ነበረዋ! ስሙን ሸክላው ላይ አትሞታል፤ መብቱን ይዞ ተሰዷል፤ ፈላጊ ሲመጣ “ባለቤቱ እኔ ነኝ” ማለት ችሏል።

ልብ በሉ፣ ሁለቱም ታሪክ አንድ ነገር ነው የሚነግረን። ናፍቆት በራሱ ገንዘብ አይሆንም። ገንዘብ የሚሆነው ሦስት ነገር ተጠብቆ ሲቆይ ነው፦ ቅርጹ፣ ስሙና ወረቀቱ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ናፍቆቱ ትዝታ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

እኔን የከነከነኝ ታዲያ የሂማን ነገር አይደለም፤ የሽቦ መኪናችን ነው። በሰፈራችን ከሁላችን በሁለት ዓመት የሚበልጥ አንድ ልጅ ነበር። ሽቦ ከየትም ለቅሞ፣ ጎማውን ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ቆርጦ፣ መሪው እስከ ደረታችን የሚደርስ መኪና ይሠራል። መሪውን ስታዞሩት የፊት ጎማው ይታጠፋል። ቮልስ ይሠራል፣ አውቶቡስ ይሠራል፣ ባለ ተሳቢም ሠርቶ ያውቃል። ሃምሳ ሳንቲም ይሸጥልናል፤ ሳንቲም ከሌለን በዳቦም ይቀበላል። እኔ በሕይወቴ ከያዝኩት ዕቃ ሁሉ እንደዚያ መኪና የወደድኩት የለም።

የልደታ አሮጌ ሰፈር በ2000ዎቹ መጀመሪያ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ፈርሶ ኮንዶሚኒየምና ፎቅ ሆነ። ቦኖውም፣ የባለ ሂማኑ ልጅ በርም፣ ሽቦ የሚለቀምበት ጥጋጥግም የለም። ሰዉ በየአቅጣጫው ተበተነ። ለግንቦት ልደታ ንፍሮ ለመብላት አንዳንዶቻችን ተጠራርተን እንገናኛለን። ባለፈው ግንቦት የመኪና ሠሪያችንን እዚያ አገኘሁት። ብየዳ ቤት ተቀጥሮ የመስኮት ፍርግርግ ይሠራል። የእህቴን ልጅ የሁለት መቶ ዶላር ሂማን ነገርኩት። አላመነኝም።

“አንተስ እንዴት ነው፣ መኪናውን አሁንም ትሠራለህ?” አልኩት።

“ለማን ብዬ? ልጁ ሁሉ ስልክ ነው የያዘው።”

እኔ ግን አየር ማረፊያው አካባቢ ባሉ የስጦታ መደብሮች የሽቦ መኪና ለቱሪስት ሲሸጥ አይቻለሁ። የአፍሪካ ልጅ ሁሉ የሽቦ መኪና ሠርቷልና “ቅርጹ የኔ ነው” ሊል የሚችል አንድ ሰው የለም። እሱም ቢሆን አይልም። ነገር ግን ያቺ መሪዋ የሚታጠፍ ቮልስ የእሱ እጅ ናት። አገራችን የኢንዱስትሪ ንድፍ የሚጠብቅ አዋጅ ቁጥር 123ን በ1987 ዓ.ም.፣ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410ን በ1996 ዓ.ም. አውጥታለች። ሕጉ አለ። የጠፋው ሠርቶ ስሙን የሚጽፍ ሰው ነው። እኛም እኮ አልጠየቅነውም! ገዛን፣ ነዳን፣ ሰበርን፣ ረሳን። ባለ ሂማኑ ልጅ ሁለት ብይ ሲጠይቀን ስግብግብ አልን፤ ያኛው በዳቦ ሲሰጠን ደግ አልነው። ደጉ ዛሬ የሰው ፍርግርግ ይበይዳል።

አንድ መኪና እንዲሠራልኝ ለመንኩት። እየሳቀ እሺ አለ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ይዞልኝ መጣ። ቮልስ! መሪው ሲዞር ጎማው ይታጠፋል። እጁ አልረሳም። ገንዘብ ስሰጠው እምቢ ብሎ ተግደረደረ፤ በግድ ኪሱ ውስጥ ከተትኩለት። ከዚያ ቁራጭ ቆርቆሮና ሚስማር ሰጠሁትና “ስምህን ጻፍበትና ከሥሩ እሰረው” አልኩት።

“ምን ያደርጋል?”

“ዝም ብለህ ጻፍ።”

ቆርቆሮውን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ፣ ምላሱን በጥርሱ ነክሶ እንደ ልጅነቱ ሲጭር ቆየ። ሲጨርስ ስሙን ትክ ብሎ አየውና ቀና አለ።

“ዓመተ ምሕረቱንም ልጨምር እንዴ?” አለኝ።