ለመሥሪያ ቤት ድረ ገጽ የይዘት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር አመራረጥ

አንድ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ለማሠራት ጨረታ ሲያወጣ በዝርዝር መግለጫው በብዛት የሚሰፍረው ስለ ገጹ ቀለም፣ ስለ ፎቶግራፎቹና ስለ አርማው አቀማመጥ ነው። ገጹ ተመርቆ ሥራ ከጀመረ በኋላ ግን ዕጣውን የሚወስነው ከጀርባው ያለው የይዘት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ነው። ሶፍትዌሩ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛው የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፍ ሳይጠበቅበት ዜና፣ የጨረታ ማስታወቂያና መመሪያ እንዲያወጣ፣ እንዲያርምና እንዲያነሳ ያስችለዋል።

በስፋት ከሚታወቁት መካከል እ.ኤ.አ. በ2001 ለሕዝብ የተለቀቀው ድሩፓል፣ በ2003 የወጣው ዎርድፕረስና በ2005 ከማምቦ ተገንጥሎ የተመሠረተው ጁምላ ይገኙበታል። ሦስቱም ያለ ፈቃድ ክፍያ የሚገኙ ናቸው። ይህ ማለት ግን ወጪ የላቸውም ማለት አይደለም፤ የሰርቨር ኪራይ፣ የባለሙያና የሥልጠና ወጪ በየዓመቱ በጀት ሊያዝላቸው ይገባል። ዎርድፕረስ ለጀማሪ ሠራተኛ ይቀላል። ድሩፓል ብዙ መምሪያዎችና የተለያየ የሥራ ድርሻ ያላቸው አርታኢዎች ላሉት ተቋም ቢመችም የሠለጠነ ባለሙያ ይሻል።

የአሜሪካው ዋይት ሀውስ በ2009 ወደ ድሩፓል ተዛውሮ በ2017 ወደ ዎርድፕረስ መሻገሩ ምርጫው ቋሚ እንዳልሆነ ያመለክታል። በመሆኑም ይዘቱን ወደ ሌላ ሶፍትዌር ማዛወር ስለመቻሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በጨረታ መግለጫዎች ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የአማርኛ ጉዳይ ነው። ማይኤስኪውኤል የተባለው የመረጃ ቋት በ2018 ስምንተኛው እትሙ እስኪወጣ ድረስ ሲጫን የሚይዘው የላቲን ፊደል አቀማመጥ በመሆኑ፣ ሳይስተካከል የቀረ ገጽ ግእዝ ፊደላትን በጥያቄ ምልክት ይተካ ነበር። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የፊደል ዓይነቶች የተጻፈ የቆየ ሰነድም እንዳለ ቢለጠፍ ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። በዎርድፕረስ የአንድ ጽሑፍ መለያ አድራሻ የሚይዘው 200 ምልክት ነው፤ አንድ የግእዝ ፊደል በአድራሻ ውስጥ 9 ምልክት ስለሚወስድ ከ22 ፊደላት ገደማ በላይ ያለው ርዕስ ይቆረጣል። አድራሻውን በላቲን ፊደል አሳጥሮ መጻፍ ይሻላል። ፍለጋውም መፈተሽ አለበት፤ «ሰራተኛ» ብሎ የፈለገ ባለጉዳይ «ሠራተኛ» ተብሎ የተጻፈውን መመሪያ ካላገኘ፣ መመሪያው ለእርሱ እንዳልወጣ ይቆጠራል።

የደኅንነት ጉዳይም በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። በጥቅምት 2014 እ.ኤ.አ. በድሩፓል ላይ ከባድ ክፍተት በተገኘ ጊዜ፣ የሶፍትዌሩ የደኅንነት ቡድን ማስተካከያው በወጣ በ7 ሰዓት ውስጥ ያልታደሱ ገጾች እንደተጠቁ ይቆጠሩ ሲል አስጠንቅቋል። የድሩፓል 7 ድጋፍ በጥር 2025 ማብቃቱም ይታወቃል። ስለሆነም በውሉ ውስጥ ማሻሻያውን ማን፣ በስንት ቀን እንደሚጭን በግልጽ መስፈር አለበት።

ይህ ጸሐፊ የሚያውቀው አንድ መሥሪያ ቤት የይለፍ ቃሉን የያዘው ባለሙያ ሥራ በመልቀቁ፣ ከሥልጣን የተነሡ ኃላፊ ፎቶግራፍ በመግቢያ ገጹ ለወራት ቆይቷል። የአስተዳዳሪነት የይለፍ ቃል፣ የድረ ገጽ ስም ምዝገባና የመጠባበቂያ ቅጂ በመሥሪያ ቤቱ ስም ሆነው ቢያንስ በሁለት ሠራተኞች እጅ በርክክብ ሰነድ ሊገኙ ይገባል። የመጨረሻው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊትም አንድ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ያለ አቅራቢው እርዳታ አንድ የአማርኛ ማስታወቂያ አውጥቶ፣ አርሞ፣ ከመጠባበቂያ ቅጂም መልሶ ያሳይ።