የሮማ ፎረም አምሳያዎች፦ ከእብነ በረድ ካርታ እስከ ኮምፒውተር

የሮማ ፎረም በካፒቶሊንና በፓላቲን ኮረብታዎች ግርጌ የተዘረጋ ጠባብ ሸለቆ ነው። ሮማ በነገሥታት በምትተዳደርበት ዘመን ረግረጉ በአፈር ተደለደለ፤ ክሎአካ ማክሲማ በተባለው ቦይም ውኃው ወደ ቲቤር ወንዝ እንዲወርድ ተደረገ። ከዚያ ወዲህ ሸለቆው የከተማዪቱ አደባባይ ሆነ። ገበያውም፣ ችሎቱም፣ መሥዋዕቱም፣ የፖለቲካ ንግግሩም ከሺህ ዓመት በላይ የሚካሄደው እዚያ ነበር። በ410 ዓ.ም. (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታትና ቀናት፣ ሌላ ካልተባለ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአላሪክ ጎቶች ሮማን ሲዘርፉ ባዚሊካ ኤሚሊያ የተባለው አዳራሽ እንደተቃጠለ ይታመናል። በእሳቱ ቀልጠው ከእብነ በረዱ ወለል ጋር የተጣበቁት ሳንቲሞች አሻራ ዛሬም በቦታው ይታያል። በ608 ለንጉሠ ነገሥት ፎካስ የቆመው ዓምድ በፎረሙ ላይ የተተከለ የመጨረሻው ሐውልት ነው።

ፎረሙን ከጦርነት ይልቅ የጎዳው የኖራ እቶን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በመካከለኛው ዘመንና ከዚያም በኋላ እብነ በረዱ እየተሰበረ ለኖራ ተቃጠለ፤ ጥርቡ ድንጋይ ለአብያተ ክርስቲያናትና ለመኳንንት ቤቶች ግንባታ ተጋዘ። የተረፈው በብዙ ሜትር አፈር ተቀብሮ ላዩ የከብት መሸጫ ሜዳ ሆነ። አርኪዮሎጂስቱ ካርሎ ፌአ በ1803 በሴፕቲሚዩስ ሴቬሩስ ቅስት ዙሪያ መቆፈር ጀመረ። ከ1898 ወዲህ ደግሞ አርኪዮሎጂስቱ ጃኮሞ ቦኒ የአፈሩን ንብርብር አንድ በአንድ እየመዘገበና ሥፍራውን ከፊኛ ላይ ፎቶግራፍ እያስነሣ ቁፋሮውን በሥርዓት መራው። ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ ከካስቶር ቤተ መቅደስ ቆሞ የሚታየው ሦስት ዓምድ፣ ከሳተርን ቤተ መቅደስ ስምንት ዓምድ ብቻ ነው። የፎረሙን አምሳያ ለመሥራት የተነሡ ሰዎች ሁሉ ሥራቸውን የሚጀምሩት ከዚህ ፍርስራሽ ነው።

ከተማዪቱን በልኬት አሳንሶ የማሳየት ሥራ በሮማውያን በራሳቸው የተጀመረ ነው። ከ203 እስከ 211 ባሉት ዓመታት፣ በንጉሠ ነገሥት ሴፕቲሚዩስ ሴቬሩስ ዘመን፣ 18 ሜትር በ13 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ካርታ በ150 ገደማ የእብነ በረድ ሰሌዳዎች ላይ ተቀርጾ የሰላም ቤተ መቅደስ በሚባለው ሕንፃ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። መስፈርቱ 1 ለ240 ያህል ስለነበረ የየቤቱ ደረጃና የየአደባባዩ ዓምድ ሳይቀር ይታይበት ነበር። የካርታው ስብርባሪ በ1562 ሲገኝ የፋርኔሴ ቤተሰብ ንብረት ሆነ፤ ብዙው ክፍል ግን ኋላ እንደ ተራ ድንጋይ ለግንብ ሥራ ዋለ። ዛሬ ከ1,000 በላይ ቁርጥራጭ ቢቀርም አንድ ላይ ቢገጣጠም ከዋናው ካርታ 10 ከመቶ ያህሉን ብቻ ይሸፍናል። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1999 ቁርጥራጮቹን በሌዘር ካነሡ በኋላ የስብራቱን ጠርዝ፣ የድንጋዩን ጅማትና ሰሌዳውን ከግድግዳው ጋር ያያያዘውን የብረት መቆንጠጫ ቀዳዳ በኮምፒውተር እያነጻጸሩ፣ ለዘመናት ቦታቸው ያልታወቀ አንዳንድ ቁርጥራጮችን አገጣጥመዋል። ካርታው ግን ወለልን እንጂ ቁመትን አያሳይም፤ ጣሪያው ምን ያህል ከፍ እንደሚል ከእርሱ ማወቅ አይቻልም።

ቁመት የመጣው በጀሶ ነው። ፈረንሳዊው አርክቴክት ፖል ቢጎ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ አንድ የሠረገላ እሽቅድድም ሜዳ በጀሶ ለመሥራት ጀምሮ፣ ሥራው እየሰፋ ሄዶ በአራተኛው ክፍለ ዘመን የነበረችውን ሮማን በ1 ለ400 መስፈርት ወደ ማሳየት ደረሰ። ይህ አምሳያ ዛሬ በፈረንሳይ በካን ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። ከእርሱ በላይ የገነነው ግን የጣሊያኑ አርክቴክት ኢታሎ ጂስሞንዲ ሥራ ነው። ጂስሞንዲ አርኪዮሎጂስቱ ሮዶልፎ ላንቻኒ ከ1893 እስከ 1901 በ46 ሰሌዳ ያሳተመውን ዝርዝር ካርታ መሠረት አድርጎ፣ በንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ ዘመን የነበረችውን ከተማ በ1 ለ250 አነጸ። በ1930ዎቹ የተጀመረው ሥራ እስከ 1971 ድረስ እየተጨመረበት ቀጥሏል።

የጂስሞንዲ አምሳያ ለሕዝብ የቀረበበት ጊዜና ምክንያት መታለፍ የለበትም። መስከረም 23 ቀን 1937 የአውግስጦስ 2000ኛ ዓመት ልደት ተብሎ በሮማ የተከፈተውና አምሳያው የቀረበበት ታላቅ ኤግዚቢሽን ዓላማው የሙሶሊኒን መንግሥት የጥንቱ ኢምፓየር ወራሽ አድርጎ ማሳየት ነበር። ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ ሙሶሊኒ ከፎረሙ ጎን ያሉትን የንጉሠ ነገሥታት አደባባዮች ሰንጥቆ የሚያልፍ ሰፊ አውራ ጎዳና አስከፍቶ ነበር። በጎዳናው ዳር በማክሴንቲዩስ ባዚሊካ ግድግዳ ላይ የጥንቷን ሮማ መስፋፋት የሚያሳዩ አራት የእብነ በረድ ካርታዎች ተሰቀሉ፤ ኢትዮጵያ ከተወረረች በኋላ በ1936 አዲሱን የፋሺስት ግዛት የሚያሳይ አምስተኛ ካርታ ተጨመረባቸው። ኤግዚቢሽኑ በተከፈተበት በዚያው ዓመት፣ በአዲስ አበባ የየካቲት 12 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) እልቂት በተፈጸመበት ዓመት፣ ከአክሱም የተዘረፈው ሐውልት ከፎረሙ ብዙ በማይርቀው በፖርታ ካፔና አደባባይ ቆመ። አምስተኛው ካርታ ከጦርነቱ በኋላ ተነሣ፤ ሐውልቱ በ2005 ወደ አገሩ ተመለሰ። የጂስሞንዲ አምሳያ ግን በሙያው የተዋጣለት ስለነበረ ከዚያ ፖለቲካ ተርፎ የመማሪያ መጻሕፍት ሥዕል ሆነ፤ ኋላም የኮምፒውተሩ አምሳያ ዋና ምንጭ እርሱ ሆነ።

የኮምፒውተሩ ሥራ የተጀመረው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርናርድ ፍሪሸርና ዳያን ፋቭሮ ከባልደረቦቻቸው ጋር የፎረሙን ማዕከል በርዝመት፣ በወርድና በቁመት መሥራት ጀመሩ። ሕንፃዎች በየዘመኑ ሲቃጠሉ፣ ሲታደሱና ሲፈርሱ ስለኖሩ መጀመሪያ መወሰን የነበረበት የትኛው ቀን እንደሚታይ ነው። ለፎረሙ የተመረጠው ሰኔ 21 ቀን 400 ዓ.ም. ነው፤ በዚያ ቀን 22 ሕንፃዎችና ሐውልቶች እንደቆሙ ታስቦ ተሠሩ። ፍሪሸር መላዋን ከተማ ለማሳየት በ1996 ላስጀመረው «ዳግም የተወለደች ሮማ» ለተባለው ፕሮጀክት ደግሞ ሰኔ 21 ቀን 320 ተመረጠ፤ የመጀመሪያው ቅጂም ሰኔ 11 ቀን 2007 በሮማ ከንቲባ ፊት ተመረቀ። አምሳያው ወደ 7,000 የሚጠጉ ሕንፃዎች አሉት። ከእነዚህ ውስጥ በቂ ማስረጃ ተገኝቶላቸው በዝርዝር የተሠሩት 30 ያህል ብቻ ናቸው። ሌሎቹ የተገኙት የጂስሞንዲን ጀሶ ከሚላኖ ፖሊቴክኒክ ባለሙያዎች ጋር በሌዘር በማንሣት ነው። አንድ የጣሊያን አርክቴክት በ1930ዎቹ የገመተው የመኖሪያ ቤት ጣሪያ እንዲህ ወደ ኮምፒውተሩ ተሻገረ ማለት ነው። ተመልካቹም ስክሪኑን በማየት ብቻ ግምቱን ከማስረጃው ለመለየት ይቸገራል።

ማስረጃ ባለበት የአሠራሩ መንገድ ልብን ይማርካል። ንጉሠ ነገሥት ዲዮቅልጥያኖስ በ283 በፎረሙ ከደረሰው ቃጠሎ በኋላ ያሳነጸው የሴኔት አዳራሽ፣ ኩሪያ፣ በሰባተኛው ክፍለ ዘመን ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ከመፍረስ ተርፏል፤ በ1930ዎቹ የኋላ ዘመን ጭማሪዎች ተነሥተውለት ጥንታዊ ቅርጹ ተገለጠ። ርዝመቱ 25፣ ወርዱ 18፣ ቁመቱ 21 ሜትር ያህል ነው። ቪትሩቪዩስ የተባለው ሮማዊ አርክቴክት ስለ ሕንፃ በጻፈው መጽሐፍ የሴኔት አዳራሽ ቁመት የርዝመቱና የወርዱ ድምር እኩሌታ ይሁን ይላል፤ 25 እና 18 ተደምሮ ለሁለት ሲካፈል 21 ተኩል ይመጣል። ሕንፃው ራሱ ቢጠፋና ወለሉ ብቻ ቢገኝ ኖሮ ባለሙያው ቁመቱን ከመጽሐፉ አስልቶ ከእውነቱ ብዙም ባልራቀ ነበር።

ለፈረሱት ሕንፃዎች ምስክር የሚሆነው ቅርጻ ቅርጽና ሳንቲም ነው። በ1872 በፎረሙ የተገኙ ሁለት ትልልቅ የድንጋይ ሰሌዳዎች አንድን ንጉሠ ነገሥት ከሕዝቡ ፊት ሲያሳዩ ከኋላው ቤተ መቅደሶችንና ባዚሊካዎችን በተርታ ይደረድራሉ። በቆስጠንጢኖስ ቅስት ላይም ቆስጠንጢኖስ ከንግግር መድረኩ ላይ ሆኖ ሕዝቡን ሲያነጋግር ይታያል፤ ከኋላው የቆሙት አምስት ዓምዶች በምን ዓይነት ሐውልት ያጌጡ እንደነበሩ የሚታወቀው በዋናነት ከዚህ ቅርጽ ነው። ይሁንና ቀራጩ ዓላማው ማሳሰብ እንጂ መለካት አልነበረም፤ ዓምድ ቀንሶ ይሆናል፣ ሕንፃ አቀራርቦም ይሆናል። ቀለም ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የመጀመሪያዎቹ አምሳያዎች ፎረሙን እንደ ጨው የነጣ አድርገው ያሳዩት ነበር። በ2012 ግን በቲቶ ቅስት ላይ ከኢየሩሳሌም ተማርኮ ሲመጣ የሚታየው ባለ ሰባት ቅርንጫፍ መቅረዝ በቢጫ ቀለም የተቀባ እንደነበር በምርመራ ተረጋግጧል። ቅሪቱ ያልተገኘለትን ግድግዳ ነጭ አድርጎ መተው ጥንቃቄ ይመስላል፤ ነጭ መሆኑ ራሱ ግን ግምት ነው።

አምሳያ ከማሳየት አልፎ ጥያቄ መመለስ የጀመረው ዘግይቶ ነው። ፋቭሮና ክሪስቶፈር ዮሃንሰን በ2010 ባሳተሙት ጥናት የሮማ መኳንንት የቀብር ሥነ ሥርዓት በፎረሙ ውስጥ በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ አስከሬኑ ከመድረኩ ላይ ሆኖ ሟቹ በሚወደስበት ጊዜ ሕዝቡ ከየት ቆሞ ማየት እንደሚችል በአምሳያው ፈትሸዋል። በበርሊን ሁምቦልት ዩኒቨርሲቲ በሱዛነ ሙት መሪነት ከ2011 ጀምሮ የሚሠራው አምሳያ ደግሞ ፎረሙን በአንድ ቀን አያቆመውም፤ ከሪፐብሊኩ ዘመን ጀምሮ በተከታታይ ደረጃዎች እየከፋፈለ፣ አንዱ ሕንፃ ሲጨመር የሌላው ዕይታ እንዴት እንደተጋረደ ያሳያል። የተናጋሪው ድምፅ አደባባዩ ላይ እስከ የት እንደሚሰማ የተጠናውም በእነዚህ ደረጃዎች ላይ ነው።

በ2006 የወጣው የለንደን ቻርተር የተባለ ስምምነት ባለሙያዎች የትኛው ክፍል ከማስረጃ፣ የትኛው ከግምት እንደተሠራ መዝግበው ለተመልካች እንዲገልጹ ይጠይቃል። ለአገር ጎብኚ የሚሸጡት በኮምፒውተር መነጽር የሚታዩ ትዕይንቶች ይህን ብዙም አይከተሉም፤ እነርሱ የሚሸጡት የተሟላች ከተማ ነው። ለታሪክ ትምህርት ግን በአንድ ቀን ከቆመው ማራኪ አምሳያ ይልቅ በየዘመኑ የተከፋፈለው የበርሊኑ አሠራር ይበልጣል።