ግምጃ ቤት

ግምጃ የከበረ የሐር ጨርቅ ነው፤ ግምጃ ቤትም የቤተ መንግሥትና የቤተ ክርስቲያን ውድ ዕቃ የሚቀመጥበት ቤት። የቤተ መንግሥቱን የሚጠብቀው ሹም በጅሮንድ ይባል ነበር። ዛሬ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ግምጃ ቤት ሲባል ትዝ የሚለን ወረቀት፣ ቀለምና የመኪና ጎማ ነው፤ ሐሩ ቀርቷል፣ ማዕረጉም አብሮት። ዕቃው በሞዴል 19 ቅጽ ይገባል፣ በሞዴል 22 ይወጣል፤ መደርደሪያው ላይ የተንጠለጠለው ቢን ካርድ ገቢ፣ ወጪና ቀሪውን ይይዛል። የሰኔ 30 ቆጠራ ደርሶ ካርዱና መደርደሪያው ካልተስማሙ መጀመሪያ የሚጠየቀው ቁልፍ የያዘው ነው። የንብረት አስተዳደር ኃላፊ ሥራ ግን ከቁልፍ ይሰፋል፤ ምን፣ መቼ፣ ስንት ይገዛ የሚለውን ያቅዳል፣ ያረጀውንም ያስወግዳል። አንዳንዱ ከዕቃ ቤት ሠራተኝነት ተነስቶ እዚህ ይደርሳል። እኔ እንዲህ ያለውን እመርጣለሁ፤ የትኛው ጎማ ለየትኛው መኪና እንደሆነ ማንንም ሳይጠይቅ ያውቃል።