ከሥዕሉ ግርጌ የማን ስም ይጻፍ?

ደብረ ማርቆስ ወይም ዙሪያዋ ካሉት ከተሞች በአንዱ ሳሎን ግቡ። ግድግዳው ላይ የተመራቂ ልጅ፣ የሙሽሮች ወይም ያረፉ አባት ትልቅ ፎቶ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ድሮ በመስታወት ፍሬም ነበር የሚሰቀለው። አሁን አሁን ካንቫስ ላይ ታትሞ፣ እንጨት ላይ ተወጥሮ የሚመጣም አለ። ከሩቅ ሲያዩት በብሩሽ የተሣለ ይመስላል። እስቲ ጠጋ በሉና ጥግ ጥጉን ፈልጉ። ሥዕል ቢሆን ኖሮ የሠዓሊው ፊርማ የሚኖረው እዚያ ነበር። የፎቶ አንሺው ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ የለም።

ካንቫስ ላይ የታተመ የሰው ፎቶ ይፈረምበታል ወይ? ከተፈረመስ የት ቦታ፣ በምን ቀለም? ጥያቄው የሙያ ጥያቄ ይመስላል። ሥሩ ግን ወደ ኋላ ብዙ መቶ ዓመት ይሄዳል፣ እዚሁ ጎጃምና ጣና ድረስ።

በቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ግርጌ ስም አይጠፋም። ብዙውን ጊዜ ግን የሠዓሊው ስም አይደለም። ከእመቤታችን እግር ሥር ወድቆ ወይም እጁን ዘርግቶ የሚታየው ትንሽ ሰው ሥዕሉን ያሠራው ነው። አጠገቡም እገሌ እንዲህ ተማጸነ የሚል የግእዝ ጽሑፍ ይሰፍራል። ወጪውን የቻለው ሰው ስሙ ይጻፍለታል፣ ይጸለይለታል። ቀለም የበጠበጠው፣ ፊቱን የሣለው፣ ዓይኑን ያበራው ሰው ግን ሥራውን ጨርሶ ይሄዳል። በቃ።

ከዚህ ልማድ የወጡ ጥቂቶች አሉ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ፍሬ ጽዮን አንዱ ነው። ጣና ላይ ባለችው ዳጋ እስጢፋኖስ በሚገኝ የእመቤታችን ሥዕል ላይ የንጉሡ ስም፣ የገዳሙ አበምኔት ስምና የሠዓሊው ስም አብረው ተጽፈዋል። ይህች አንዲት ጽሑፍ ምን እንደሠራች ልብ በሉ። የሥነ ጥበብ ታሪክ አጥኚዎች ከእሷ ተነስተው፣ የፊቱን አሣሣልና የልብሱን እጥፋት እያመሳከሩ፣ ፊርማ የሌላቸውን ሌሎች ሥዕሎች ከፍሬ ጽዮን እጅ ወይም ከእሱ ደቀ መዛሙርት ጋር ለማገናኘት ቻሉ። አንድ ፊርማ ለብዙ ፊርማ አልባ ሥራዎች ቁልፍ ሆነ።

ሁለተኛው ከቬኒስ የመጣው ኒኮሎ ብራንካሊዮን ነው፤ እዚህ መርቆሬዎስ ተብሎ ነበር የሚጠራው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ መጥቶ ለብዙ ዓመታት ሠርቷል። በ1520 እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን የገባው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም በመጽሐፉ ጠቅሶታል። ብራንካሊዮን የራሱን አገር ልማድ ይዞ መጥቶ ነበርና ስሙን በላቲን ፊደል የጻፈባቸው ሥራዎች አሉ። ከሥራዎቹ የሚታወቁበት አንዱ አካባቢም ጎጃም ነው።

ቀጥሎ ካሜራ መጣ። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶ አንሺዎች ይዞ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ደግሞ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን አዲስ አበባ ገብቶ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ። ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒም ሙያውን ወረሱ። ከዚያ በኋላ ፎቶ ቤት በየከተማው ተስፋፋ። ያኔ ስሙ ከፊት ወደ ጀርባ ዞረ። ቤት ውስጥ ያሉ አሮጌ ፎቶዎችን ገልብጣችሁ እዩ። አንዱ ላይ የፎቶ ቤቱ ማኅተም ይኖራል። ሌላው ላይ በእስክሪብቶ ለማን እንደተሰጠና ለማስታወሻ መሆኑ ተጽፎበታል፤ ይህን የጻፈው ደግሞ ያነሳው ሰው ሳይሆን የተነሳው ነው። ከፊት በኩል ፊት ብቻ፣ ከኋላ ግን ታሪኩ ሁሉ።

ያች የጀርባ ማኅተም ተራ ማስታወቂያ ብቻ አልነበረችም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንድ ፎቶ እንደ ፈጠራ ሥራ ጥበቃ እንዲያገኝ የስብስብ አካል መሆኑን፣ ወይም በመጽሐፍ መታተሙን፣ ወይም የአንሺው አለዚያም የወኪሉ ስምና አድራሻ የተጻፈበት መሆኑን ይጠይቅ ነበር። እንግዲህ ለአንድ የከተማ ፎቶ አንሺ ሦስተኛው መንገድ ብቻ ነው የሚቀርበው፤ ስምና አድራሻ ያለበት ማኅተም።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሲመጣ ነገሩ ተቀየረ። ሥራው ራሱ እንደተፈጠረ ጥበቃ ያገኛል። ፎቶ ላይ ያለው የኢኮኖሚ መብት ከተነሳበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ይቆያል። ፎቶው በትዕዛዝ የተሠራ ከሆነ ደግሞ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ይህ መብት ያሠራው ሰው ነው። ለአንሺው የሚቀረው ዋናው ነገር የሥራው ባለቤት ተብሎ ስሙ የመጠራት መብት ነው። ተነሺውም በፍትሐ ብሔር ሕጉ የራሱ መብት አለው፤ ያለ ፈቃዱ ምስሉ በአደባባይ አይሰቀልም፣ አይባዛም፣ አይሸጥም።

አሁን ወደ ካንቫሱ እንመለስ። ደንበኛው «አባቴን ነው ያስነሳሁት፣ ያንተ ስም እዚህ ምን ይሠራል?» ቢል እውነት አለው። የዛሬ 500 ዓመት ሥዕል ያሠራ ባላባትም እንዲሁ ሳይል አይቀርም። ፎቶ አንሺውም እውነት አለው፤ ብርሃኑን የመረጠ፣ የሚያፍሩትን ሽማግሌ አጫውቶ ፊታቸውን ያፈታ እሱ ነው። ስለዚህ ከፊት በኩል የሚጻፈው ፊርማ በስምምነት ይሁን፣ ትንሽም ይሁን። ከታች በአንዱ ጥግ፣ ካንቫሱ ከሚታጠፍበት ጠርዝ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ፣ ከእጅና ከልብስ ርቆ፣ ከሥዕሉ ቀለም ጋር በሚስማማ ቀለም። ነጠላው ጥለት ላይ የተጻፈ ስም ጥለቱን ያበላሻል።

መሣሪያው ላይ ተጠንቀቁ። እስክሪብቶ ጨርቁን ይሰረጉዳል፣ ቀለሙም በብርሃን ይደበዝዛል። ተራ ማርከር የታተመውን ቀለም ወይም ቫርኒሹን ሊያሟሟ ይችላል። የሚሻለው በፒግመንት ቀለም የሚጽፍ ብዕር ወይም አክሪሊክ ማርከር ነው። ኅትመቱ በደንብ ይድረቅ። ከቫርኒሹ በፊት ከፈረማችሁ ፊርማው ከሥሩ ተሸፍኖ ይጠበቃል፤ ግን የመጀመሪያውን ቫርኒሽ በብሩሽ ሳይሆን በስሱ ንፉት፣ አለዚያ ፊርማው ይላላጣል። ከቫርኒሹ በኋላ ከሆነ ደግሞ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ታገሡ። ተወጥሮ ያለ ካንቫስ ሲጫኑት ስለሚረግብ ከጀርባው መጽሐፍ ደግፉ። ከሁሉ በፊት ግን ተቆርጦ በተረፈ የካንቫስ ቁራጭ ላይ ሞክሩት። ፊርማውን ኮምፒውተር ላይ ጨምሮ አብሮ ማተምም ይቻላል፤ ያ ግን ወደ ማኅተም ይጠጋል፣ የእጅ ፊርማ አይሆንም።

ከኋላ በኩል ደግሞ ድርድር አያስፈልግም። ማኅተሙን ጨርቁ ላይ አታሳርፉት፣ ቀለሙ ወደ ፊት ሊሰርግ ይችላል። እንጨቱ ላይ ጻፉ። የአንሺው ስም፣ የተነሺው ሙሉ ስም ከነአባት፣ ቦታው፣ ቀኑ። ሁለቱም ስሞች ያስፈልጋሉ። «ይሄ ማነው?» ሲባል የሚመልሱት አያት ካለፉ በኋላ፣ የተነሺው ስም ያልተጻፈበት ፎቶ ለልጅ ልጅ የማያውቀው ሰው ፊት ነው። የዳጋው ጽሑፍ እስከዛሬ የጠቀመን ንጉሡን፣ አበምኔቱንና ሠዓሊውን አንድ ላይ ስላስቀመጠ ነው።

ቀኑን ስትጽፉም ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ብላችሁ ለዩት። ካለዚያ የልጅ ልጃችሁ ያንን እንጨት ገልብጣ ስታነብ ሰባት ስምንት ዓመት ትሳሳታለች፤ ምናልባትም አባቷ ከመወለዱ በፊት ተመርቆ ታገኘዋለች።